ወፍጮዋን ዝም ለማሰኘት

መኪናችን ስም አላት። ወፍጮ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት አባዬ ነው፤ የገዛናት ሳምንት፣ ከሳቢያን ተነስተን ሐረር ደርሰን በተመለስንበት እሑድ ማታ። ከመኪናዋ ወርዶ በሩን ዘጋና ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ "አቦ፣ እህል ይዘን ብንሄድ ኖሮ እስካሁን ፈጭታ ትጨርስ ነበር!" አለ። እኛ ሳቅን። ጎረቤት ሳቀ። ስሙም እዚያው ጸደቀ።

(አባታችንን "አለ፣ ሄደ" ስንለው የሰማ የሌላ አገር አንባቢ ስድ አደጎች እንዳይለን። ድሬ ላይ "አንተ" የፍቅር ነው። አባዬን በድንገት "እርስዎ" ብንለው "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ነው የሚደነግጠው።)

እኛ ማለት ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት። መኪናዋን የገዛናት በሦስታችን ቁጠባና በአንድ ዕቁብ ነው። ትንሽ የጃፓን ሥሪት ናት፤ እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት ሌላ ቦታ አንድ ዕድሜ የኖረች። ነዳጅ አትበላም፣ ጠባብ ቦታ ትቆማለች፣ መለዋወጫ አይጠፋላትም። አንድ ጥፋቷ ጩኸቷ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄድ ከታች የሚመጣው ጉርምርምታ ወሬ ያስቆማል። ኮብልስቶን ላይ ስትወጣማ ጥርስ ታንገጫግጫለች።

ለወራት ያህል ይሄ ሁሉ የቀልድ ጉዳይ ነበር። ነገሩ የተለወጠው አባዬ ሐረር መሄድ የተወ ጊዜ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አክስታችን ሐረር ትኖራለች። በወር አንዴ እሑድ ሰብሰብ ብለን እንጠይቃታለን፤ ከድሬ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። አንድ ወር አባዬ "እናንተ ሂዱ፣ ጉልበቴን አሞኛል" አለ። በሚቀጥለው ወር ጀርባውን አመመው። በሦስተኛው ወር ሕመም መፈለጉንም ተወና "እናንተ ሂዱ" ብቻ አለ። ወደ ኋላ ብለን ስናስበው፣ የመጨረሻዎቹን ጉዞዎችም በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነበር የጨረሳቸው።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው ዝምተኛ አይደለም። 30 ዓመት ባለ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። አሰብ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አሰብ ሲመላለስ፣ ከዚያም በጅቡቲ መስመር ሲሠራ የኖረ፣ ሰፈር ውስጥ ወሬ ጀምሮ የቡናው ሦስተኛ ሳይወርድ የማይጨርስ ሰው ነው። እና እንዲህ ያለው ሰው ከገዛ ልጆቹ ጋር መኪና ውስጥ ሲገባ አፉን ዘጋ። እኛም እንደ ልጅ ያልጠረጠርነው ነገር የለም። ተቆጥቶን ይሆን? መኪናውን ስንገዛ ሳናማክረው ቀርተን? እርጅና ነው?

መልሱን ያገኘነው በአንድ ጥያቄ ነው። አንድ ቀን እንደምንም ለምነን ይዘነው ስንሄድ፣ ደንገጎ አቀበት ላይ እህታችን የውሃውን ጠርሙስ አንስታ "አባዬ፣ ጠማህ?" አለችው።

"አልሰማሁም" አለ።

"ጠማህ ወይ?"

"አልሰማሁም አልኩሽ እኮ! ምን ብላችሁ ነው?"

እኛ መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ነው የገባን። እሷ "ጠማህ?" ስትለው እሱ የሰማው "ሰማህ?" የሚል ነው። "ጠ" እና "ሰ" በመኪናዋ ጩኸት ውስጥ አንድ ሆነውበታል። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወራት እንደገና አሰብናቸው። ለካ በየጉዞው "ምን አላችሁ?" ማለት ሰልችቶት፣ እኛም ደጋግመን ስንጮህበት አፍሮ፣ ቀስ በቀስ ዝምታውን መርጧል። ከዝምታውም ቤት መቅረቱን።

ወስደን የጆሮ ምርመራ አስደረግነው። የመረመረችው ባለሙያ ወረቀቱን ዘርግታ መስመሮቹን አሳየችን። ሁለቱም ጆሮዎቹ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ እያጡ ነው፤ የግራው ግን ከቀኙ በጣም ይብሳል። "ምን ይሠሩ ነበር?" ብላ ጠየቀችው። "ሾፌር" ሲላት "መስኮቱን ከፍተው ነበር የሚነዱት?" አለች። አባዬ ሳቀ። አፋር በረሃ ላይ መስኮት ዘግቶ የሚነዳ ማን አለ? እኛ አገር መሪው በግራ ነው፤ መስኮቱም በግራ ነው። የሞተሩ፣ የነፋሱና የሚተላለፈው ከባድ መኪና ጩኸት 30 ዓመት ሙሉ የገባው በአንዱ ጆሮ ነው።

ባለሙያዋ ያስረዳችንን በቀላሉ እንንገራችሁ፤ ሁላችንንም ይመለከታልና። ስንናገር "አ፣ ኦ፣ ኡ" የምንላቸው አናባቢዎች ወፍራም ድምፅ ናቸው፤ ጉልበት ያላቸውም እነሱ ናቸው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ግን "ሰ፣ ፈ፣ ተ፣ ጠ፣ ሸ" የመሳሰሉት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ጩኸት የሚጎዳው ጆሮ በአብዛኛው ቀድሞ የሚያጣው በሰከንድ 4,000 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው፤ ይህም የቀጫጭኖቹ ሰፈር ነው። ስለዚህ ጆሮው የተጎዳ ሰው ድምፃችሁን ይሰማል፣ ቃላችሁን ግን አይለየውም። "እሰማችኋለሁ፣ አይገባኝም" የሚለው ለዚህ ነው። የመኪና ጉርምርምታ ደግሞ አብዛኛው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ጠንከር ሲል ከበላዩ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይሸፍናል። አባዬ የቀረችውን ትንሽ መስሚያ ደግሞ ወፍጮዋ ፈጨችበት ማለት ነው።

የመስሚያ መሣሪያ ቢያደርግ ጥሩ እንደሆነ ባለሙያዋ ነገረችው። አባዬ "እናያለን" አለ። የአባዬን "እናያለን" የምታውቁት እኛን ከሆነ፣ ትርጉሙ "አይሆንም" ነው።

እናላችሁ፣ ጆሮውን ማስተካከል ካልቻልን መኪናዋን ዝም እናሰኛት ብለን ተነሳን።

መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ስህተት ነበር፤ እንዳትደግሙት ብለን እንናገረዋለን። ገበያ ወጥተን ስፖንጅ ገዛን። ለጣሪያ የሚሆን የሬንጅ ምንጣፍም ገዛን። በአንድ ቅዳሜ የበሮቹን የውስጥ ሽፋን ፈታን፤ ሬንጁን ላሜራው ላይ ለጠፍን፣ ስፖንጁን ደግሞ ጎተጎትን። እሑድ ጠዋት ኩራታችን ለጉድ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ ቆማ ስንመለስ ግን መኪናዋ ውስጥ አስፋልት የሚነጠፍ ይመስል ነበር። ሬንጁ ለስልሶ ከላሜራው ተንሸራቷል፤ ሽታው ራስ ምታት ነው። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ጥላ ውስጥ ያለው ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ላሜራ ስንት እንደሚደርስ እጃችሁን አስቀምጣችሁ ሞክሩት። ለጣሪያ የተሠራው ሬንጅ በር ውስጥ፣ አፍንጫችሁ ሥር እንዲቀመጥ አልተሠራም።

ጩኸቱስ? ምንም አልቀነሰም።

አፍረን ወደ አንድ መካኒክ ወሰድናት። የሳቢያን ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከእኛ አይበልጥም። ይዟት አንድ ዙር ዞረና ተመለሰ። ወርዶ ሳቀብን።

"አቦ፣ ይሄ እኮ ኩሺኔታው ነው የሚጮኸው! እሱን ስፖንጅ ልታለብሱት ነው?"

የመጀመሪያው ትምህርታችን ይኸው ሆነ። ጩኸት ሁሉ የሚታፈን አይደለም፤ አንዳንዱ አቤቱታ ነው። የጎማ ኩሺኔታ ሲያልቅ እንደ አውሮፕላን ያጉረመርማል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል። አለየለትም እንደሆነ መታጠፊያ ላይ አዳምጡት፦ ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኙ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ጩኸቱ ከባሰ የሚጠረጠረው የቀኙ ነው። የእኛ የኋላ ቀኙ ነበር። በስፖንጅ አፍነነው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ራሱ ይነግረን ነበር። ኩሺኔታው ተቀየረ። የጉርምርምታው አንድ እጅ አብሮት ሄደ።

ቀጥሎ ጎማ። መካኒኩ መዳፉን በጎማው ጥርሶች ላይ ወደፊት አንሸራተተ፤ ከዚያ ወደ ኋላ። "እናንተም ንኩት" አለን። ወደፊት ለስላሳ ነው፤ ወደ ኋላ እንደ መጋዝ ይቧጥጣል። እንዲህ የተበላ ጎማ እያንዳንዷ ጥርሱ አስፋልቱን በጥፊ እየመታች ነው የምትሄደው። የሚያመጣውም የተበላሸ አላይመንት፣ የደከመ የድንጋጤ መከላከያ ወይም ለረጅም ጊዜ ቦታው ያልተቀያየረ ጎማ ነው። የጎማውን ዕድሜም ያነበብነው ያን ቀን ነው። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያሉ። 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎማ ሲያረጅ ላስቲኩ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ጯሂ ነው። ሲያድርም አደገኛ ነው። "ጥርሱ አላለቀም" ብለን የምንንከባከባቸው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ታናሻችን ሃይስኩል እያለ የተሠሩ ሆነው ተገኙ።

ነፋሱም አለ። ጎሚስታዎቻችን ብዙ ጊዜ አይጠይቁም፤ ለባጃጁም ለቤት መኪናውም በልማድ ይነፋሉ። የእኛ 40 ተሞልቶ ነበር። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈች ወረቀት ተጽፏል፤ በትንንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ባለው ውስጥ ነው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ እንደ ተወጠረ ከበሮ ነው፤ ጠጠሯን ሁሉ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። (ለጩኸቱ ብላችሁ ደግሞ ከቁጥሩ በታች አታውርዱት፤ የሳሳ ጎማ በድሬ ሙቀት ይፈነዳል።)

ሦስተኛው የበር ጎማ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ዙሪያውን የሚታተመው ላስቲክ። የምትፈትኑት በብር ኖት ነው። ኖቱን በር ላይ አንጠልጥላችሁ ዝጉና ሳቡት። ጠበቅ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ሸርተት ብሎ ከመጣ በዚያው ቀዳዳ ጩኸት እየገባ ነው። ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ አንድ ስሌት እንንገራችሁ። አንድ ግድግዳ የፈለገውን ያህል ወፍራም ቢሆን፣ ከመቶ አንድ እጁ ክፍት ከሆነ የሚከላከለው ድምፅ ከ20 ዲሲቤል አያልፍም። ከመቶ አንድ! ስለዚህ ቀዳዳ ሳይደፍኑ ስፖንጅ መጎትጎት፣ በር ከፍቶ መጋረጃ እንደማወፈር ነው። እኛ በሁለት በሮች የደረቀውን ላስቲክ ቀየርን፤ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ ሽቦዎች የሚያልፉበት ላይም ተቦድሶ የቀረ አንድ ቀዳዳ አግኝተን ደፈንን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ላሜራው የተመለስነው፤ አሁን ግን በእውቀት። ድምፅ ወደ መኪና የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በአየር፣ በቀዳዳና በመስታወት። ሌላው በአካል፤ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ንቅጥቅጡ በእግሮቿ ወደ ላሜራው ይወጣል፣ ላሜራው ራሱ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከበሮን ዝም ለማሰኘት ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፤ ቆዳው መሐል ላይ መዳፍ ማሳረፍ ይበቃል። ላሜራም እንደዚያው ነው። ሰፊ ሰፊውን ቦታ ከሩብ እስከ ሲሶ ድረስ በከባድ ንጣፍ መጫን አብዛኛውን ንዝረት ይገድላል። ንጣፉም ለመኪና የተሠራው፣ በአንድ ወገኑ አሉሚኒየም ያለው የቡቲል ላስቲክ ነው፤ ሙቀቱን ከሬንጅ ይሻል ይቋቋማል። ከአዲስ አበባ አስመጣንና ሁሉንም ከኋላ ጎማዎች በላይ ባሉት ጉልላቶችና በመለዋወጫው ጎማ ጉድጓድ ላይ አዋልነው። የትንንሽ መኪኖች የኋላ ዕቃ መጫኛ ከሰው መቀመጫው ጋር አንድ ክፍል ስለሆነ፣ የኋላ ጎማዎች ጩኸት የሚገባው በዚያ ነው። ከላዩ የድሮ ወፍራም ምንጣፍ ጨመርን። ክሪኩንና መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቀለልን። የስፖንጁን ጥቅምም ያኔ ተረዳነው፦ ስፖንጅ ውስጥ የገባን ድምፅ ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ሊገባ የመጣን ድምፅ አይመልስም። ድምፅን የሚመልሰው ክብደት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ነሐሴ አስተማረን። በር ስንሸፍን ከግርጌው ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎችም ደፍነን ኖሯል። ለካ በመስታወቱ ዳር የሚወርደው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። ከአንድ ዝናብ በኋላ በሩን ስንከፍት "ጭልክ" የሚል ድምፅ ሰማን፤ በር ውስጥ ኩሬ ተፈጥሯል። እንደገና ፈታን፣ ቀዳዳዎቹን ከፈትን። የበር ግርጌ አይደፈን።

ከዚያ ለካን። ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ የላቦራቶሪ መሣሪያ አይደለም፤ ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት በፊትና በኋላውን ለማወዳደር ይበቃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስንነዳ በፊት 75 ዲሲቤል ያሳየን ስልክ አሁን 69 አሳየን። ስድስት ቁጥር ትንሽ ትመስላለች። ዲሲቤል ግን እንደ ብር አይቆጠርም፤ ስድስት መውረድ ማለት የድምፁ ጉልበት ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው።

በደስታ አባዬን ጋበዝነው። ከተማ ውስጥ፣ ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ደርሰን ልንመለስ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ኤሲዋ ከሞተች ቆይታለች። አምስት ደቂቃ እንደሄድን ሁላችንም በላብ ታጠብን፤ አባዬ እጁን ዘርግቶ መስኮቱን እስከ ታች አወረደው። ከጎናችን ሦስት ባጃጆች ይንጫጫሉ። የወር ሥራችን በመስኮቱ ወጣ። ያ ከመቶ አንድ እጅ ስሌት ትዝ አለን።

እውነት ለመናገር እዚያ ጋ ተስፋ ቆርጠን ነበር። ጓደኞቻችን "ኤሌክትሪክ መኪና ግዙ፤ እሷ ዝም ያለች ናት" አሉን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ እየበዙ ነው። በአንዷ ተሳፍረን አየን። ከተማ ውስጥ እውነትም ዝም ያለች ናት። አስፋልት ላይ ስትፈጥን ግን የጎማዋ ጩኸት ያው ነው፤ እንዲያውም ሞተር ስለሌለ ብቻውን ጎልቶ ይሰማል። ፍጥነት ሲጨምር ከሞተር ይልቅ የሚጮኸው ጎማ ነው፤ ባለ ነዳጅም ሆነች ባለ ባትሪ። ደግሞስ ብሩ ከየት ይመጣል?

መፍትሔው የመጣው ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲገጥም ነው።

አንደኛው ሰዓትና ፍጥነት ነው። ከድሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወጣችሁ መስኮት መክፈት አያስፈልግም፤ ደንገጎን ስትጨርሱ ደግሞ ደጋው ራሱ ኤሲ ነው። ፍጥነቱንም ከ80 ወደ 60 ስታወርዱት የጎማው ጩኸት በ4 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል። ቡቲል ከገዛንበት ብር ጋር ስናወዳድረው፣ እግርን ከቤንዚን ላይ ማንሳት ምንም አያስከፍልም። ሐረር 15 ደቂቃ ዘግይቶ መድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ያገኘችው እህታችን ናት። የምርመራውን ወረቀት ይዛ ተቀምጣ ቆየችና፣ "እኛ እኮ የት ነው የምናስቀምጠው?" አለች። የት ይቀመጣል? አባት ነዋ፤ ጋቢና ነው የሚቀመጠው። ክብር ነው። ጋቢና ማለት ግን ከሾፌሩ በስተቀኝ ነው። ሁላችንም፣ የሚነዳውም ከኋላው ያለውም፣ የምናወራው ከግራው በኩል ነው። ለሞተው ጆሮ።

ዝም ተባባልን። ስንት ሺህ ብር የፈጀ ሥራ ሠርተን፣ ወንበሩን አላሰብንም።

ከኋላ፣ ከሾፌሩ ጀርባ፣ በግራ በኩል ቢቀመጥ ሁላችንም በቀኙ እንሆናለን። ችግሩ እሱን ማሳመን ነው። "ከኋላ? ጓዝ ነኝ እንዴ?" አለ። "ሚኒስትር የሚቀመጠው ከኋላ ነው" አልነው። "ሚኒስትር በወፍጮ አይሄድም" አለ። በመጨረሻ እህታችን ቀልዱን ትታ፣ "አባዬ፣ በደህናው ጆሮህ በኩል መሆን ፈልገን ነው" አለችው። ስለ ጆሮው እንዲህ በቀጥታ ያናገረችው የመጀመሪያ ቀን ነው። ትንሽ ቆየና ጫማውን ፈለገ።

የዚያ እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሳቢያን ወጣን። መስኮቶቹ ተዘግተዋል። 60 ላይ ነን። ደንገጎን እየዞርን ስንወጣ አባዬ አልተናገረም፤ እኛም በፍርሃት አልተናገርንም። አቀበቱን ጨርሰን አስፋልቱ ሲዘረጋ ድንገት ከኋላ፣

"ወፍጮዋ ዛሬ ምን ሆነች? እህል አለቀባት እንዴ?" አለ።

ከዚያ ወሬው ተከፈተ። ሐረማያ ላይ ስንደርስ፣ በ1990ዎቹ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ተመልሶ ውሃ ይዞ ሲያይ፣ ድሮ ተሳቢውን እዚህ ዳር አቁሞ ረዳቱ ጎማ ሲመታ እሱ ፊቱን ይታጠብ እንደነበር አወራን። ስለ ረዳቱ ነገረን፤ አብረውት ስላደሩት በረሃዎች፣ ስለ አንድ የገና ሌሊት መንገድ ላይ መቆም። እህታችን በመሐል "ረዳትህ ሲያወራህ ይሰማህ ነበር ግን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት?" አለችው። በሹክሹክታ አልነበረም፤ ግን አልጮኸችም። ሰማት።

"ረዳት የሚቀመጠው በቀኝ ነዋ" አለ። ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰማና ዝም አለ። ያን ሁሉ ዓመት ያወራው በቀኝ ጆሮው ነው። ግራው መሞቱን ያላወቀው፣ መንዳት እስካቆመበት ቀን ድረስ ማንም በግራው ተቀምጦ ስለማያውቅ ነው። ያወቀው የልጆቹ ተሳፋሪ ሲሆን ነው።

ይህን የምንጽፈው መኪና እንድታለብሱ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰው የመስማት ጉድለት በተለያየ ደረጃ አለበት። ለሥራ ቦታ በሰፊው የሚጠቀሰው ልክ በቀን 8 ሰዓት 85 ዲሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2። ባጃጅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ ከሞተሩ በላይ ከፍተው የሚውሉ የሰፈራችን ልጆች ይህን ስሌት ቢሠሩት ደስ ይለናል። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ጩኸት አያስደነግጣትም። ስለማያስደነግጠን ግን አይጎዳንም ማለት አይደለም።

እና ደግሞ፣ ዝም ያለ ሰው ካላችሁ፣ ከመኮረፉ በፊት በየትኛው ጆሮው በኩል እንደተቀመጣችሁ እዩ።

ማታ ስንመለስ ድሬ ገና እንደ ምድጃ ናት። ከተማው ጠርዝ ላይ ስንደርስ አልቻልንም፤ መስኮቶቹን ሁሉ አወረድን። ሞቃቱ ነፋስና የባጃጁ ጩኸት አንድ ላይ ገባ። አባዬ የሆነ ነገር ሲናገር ነበር፤ አቋረጠ። ቤት ደርሰን ሞተሩ ሲጠፋ ግን አልወረደም። ቁጭ ብሎ ቆየና፣

"ያቺ ልጅ… የጆሮው ነገር ስንት ነው ያለቻችሁ?" አለ።